ሲቀዘቅዙ የሚጠፉ ነጥቦች

በሥራ ቦታዋ "ባለነጥቧ" ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ከእሷ ዘበኞቹ ተቀበሉት፤ በመጨረሻ የምርምር ተቋሙ ኃላፊ ራሱ ስብሰባ መሀል አምልጦት ሲጠራት ነገሩ ጸደቀ። ባሏ ደግሞ አሳጥሮ "ነጥቤ" ይላታል። እሷ ግን የነጥብ ወሬ ሲነሳ ቆሽቷ ማረር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ላንታነም፣ ስትሮንቲየምና ማንጋኒዝ ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው የሚሠሩት ጥቁር ክሪስታል አለ፤ ውስጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ነው። ከዚያ ክሪስታል ላይ ለዓይን የማትሞላ ቁራጭ ትቆርጣለች፣ እስክትሳሳ ትሞርዳታለች፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ትከታታለች፣ ከዚያ የኤሌክትሮን ጨረር ታሳልፍባታለች። ጨረሩ አልፎ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ በረድፍ በረድፍ የተሰደሩ ደማቅ ነጥቦች ይወጣሉ። እነሱን ማንም ያያቸዋል። እሷ ዓይኗ እስኪቀላ የምትጠብቀው ግን በደማቆቹ መሀል ጣልቃ የሚገቡትን ደብዛዛ ነጥቦች ነው። እነዚያ የሚመጡት ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በተጋቡ ሰሞን "እስቲ እኔም ይግባኝ" ብሎ ወጥሮ ሲይዛት በሱው ሙያ አስረዳችው።

"አውቶቡስህ ግማሽ ብቻ ሰው ይዟል እንበል። ሲሞቅ ተሳፋሪው አንድ ቦታ አይረጋም፣ ከወንበር ወንበር ይዘዋወራል። ኤሌክትሮኖቹም እንደዛ ናቸው። በጣም ሲበርድ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። አንዱ ወንበር ሰው አለበት፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ያለበት። በዚያ ላይ የተቀመጡት እግራቸውን በዘፈቀደ አይዘረጉም፤ አንዱ ረድፍ ወደዚህ፣ ቀጣዩ ረድፍ ወደዚያ።"

"የኔ ተሳፋሪ እንደዛ ቢቀመጥልኝ ፀጉሬ ባልሸበተ!" አለ ባሏ። "ታዲያ ነጥቦቹ ምንድን ናቸው?"

"ነጥቦቹ ከመጡ ተሰድረው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ከጠፉ ተበትነዋል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ ስትገባ የሚቀበላት ሰላምታ "ተቀመጡ?" ሆነ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅለት ነበር።

ችግሩ አለመቀመጣቸው አልነበረም፤ ተቀምጠው መነሣታቸው ነው። ከዜሮ በታች ስልሳ ዲግሪ ገደማ ላይ ደብዛዛዎቹ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ እስከ ዘጠና ድረስ እየጎሉ ይሄዳሉ፤ መቶ ላይ መፍዘዝ ይጀምሩና መቶ ሠላሳ ሲደርስ ድራሻቸው ይጠፋል። ብርድ የሰደረውን ያው ብርድ እንዴት ይበትነዋል? ሌላ አገር ያሉ ሁለት ቡድኖች የዚሁ ዓይነት ክሪስታል ነጥቦች እስከ መጨረሻው ብርድ ድረስ ንቅንቅ እንደማይሉ ጽፈዋል። የእሷን ጽሑፍ እንዲገመግሙ የተላከላቸው ሰዎች ደግሞ በሦስት መስመር መለሱላት። ነጥቦቹን የምታጠፊያቸው ራስሽ ነሽ፤ ጨረርሽ ክሪስታሉን እየረበሸው ነው፤ አሠራርሽን አስተካክይ።

አስተካከለች። ጨረሩን አሳሳችው። ኋላም ጨረሩን ጨርሶ ዘግታ ክሪስታሉ በጨለማ እንዲቀዘቅዝ አደረገችና ለአንድ ሰከንድ ብቻ ከፍታ አየች፤ የሉም። የቁራጭ መያዣውን ቴርሞሜትር አስለወጠች፤ የሉም። ፈሳሽ ናይትሮጅኑ ሲንተከተክ ያንቀጠቅጠው ይሆናል ብላ መያዣውን ፈታታ ገጠመችው፤ የሉም። ግድግዳ የሚጋራት የዕቃ ሊፍት ሲወጣና ሲወርድ ምስሉን እንደሚያርገበግበው ስታውቅ በትልቁ ጽፋ በየፎቁ ለጠፈች፦ "እባክዎ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ሊፍቱን አይጠቀሙ።" በማግስቱ አንድ ተንኮለኛ ከሥሩ "ነጥብ ታሟል" ብሎ ጨምሮበት አገኘችው።

ያልጠረጠረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክሪስታሉን ራሱን።

ክሪስታሉን ያበቀሉት አባ ምድጃ ናቸው። ምድር ቤት ባለው የምድጃ ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተው ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በተቋሙ ውስጥ ክሪስታል የነካ ሁሉ የሳቸው ተማሪ ነው፤ ኃላፊው ሳይቀር። ዱቄት ለመመዘን የሚጣደፍ ተማሪ ካዩ "ላንታነም ሌባ ነው! ዞር ስትል ከአየር ላይ ውኃ ይሰርቅና ከብዶ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ አድርቅ፣ ከዚያ መዝን!" እያሉ በአንድ እግር ያስቆሙ ነበር። የሳቸውን ክሪስታል መጠርጠር በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለማንም በሐሳቡም አይመጣም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ባለነጥቧ ትዕግሥቷ ተሟጠጠ። ሦስት ሳምንት የለፋችባትን ቁራጭ አስገብታ ስታቀዘቅዛት ነጥቦቹ እንደ ልማዳቸው መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ሄዱ። መልሳ ስታሞቃት ተመልሰው መጡ። እንደገና አቀዘቀዘቻት፤ ሄዱ። እልክ ይዟት አምስት ጊዜ ደጋገመችው። አምስቱንም ጊዜ የጠፉት በዚያው ዲግሪ ላይ ነው፣ ዝንፍ ሳይሉ። ከወንበሩ ጀርባ ተደግፋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ሰው እንዲህ አስተካክሎ አይሳሳትም፣ አለች ለራሷ። የእጄ ጥፋት ቢሆን አንዴ እንኳ ይለያይ ነበር።

ማይክሮስኮፑ ጎን ላይ አንድ መቁጠሪያ አለ፤ ጨረሩ ሲነካቸው ንጥረ ነገሮቹ መልሰው የሚረጩትን ኤክስሬይ እየለየ ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንዳለ የሚናገር። በሱ አርባ ቦታ ለካች። ምሳ ሰዓቷን በላባት። ከዚያ ወረቀቷን ይዛ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች።

"ላንታነሙ ጎድሏል" አለችው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች።

ኃላፊው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "በስንት?"

"ከመቶ በሁለት ተኩል።"

"መሣሪያው ራሱ እኮ ከመቶ በሁለት፣ በሦስት ይስታል።"

"አንድ ቦታ ብቻ ብለካ አዎ። አርባ ቦታ ነው የለካሁት። ይሄ ክሪስታል ደግሞ ስህተት አይችልም። ልኩ ላይ ካልሆነ አሰዳደሩ አይጸናም። ተሳፋሪውና ወንበሩ ካልተመጣጠነ፣ ትንሽ ቆይተው ይነሣሉ።"

"የምን ተሳፋሪ?"

"ኤሌክትሮን ማለቴ ነው።"

ኃላፊው መነጽሩን አወረደ። "ስሚኝ። ክሪስታሉ የአባ ምድጃ ነው። ክሪስታሉን ተዪውና ማይክሮስኮፕሽን እዪ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፑን እኮ ነው ያየሁት!"

"እንግዲያው ሦስተኛውንም እዪው።"

ስትወጣ በሩን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያው በቀጥታ ቁልፍ ከጽዳት ሠራተኛዋ ተቀብላ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

የምድጃ ክፍሉ የሞተ ነገር ይሸታል፤ አቧራና ቀዝቃዛ ብረት። ትልቁ ምድጃ ላስቲክ ለብሶ ጥግ ቆሟል። የአባ ምድጃ ደብተሮች መደርደሪያው ላይ በቁጥራቸው ተሰልፈዋል፤ ለእያንዳንዱ የክሪስታል ዘንግ አንድ ገጽ። የሷ ዘንግ ሠላሳ አንደኛው ነው። ሠላሳኛውን ገለጠች፤ "ላንታነም ኦክሳይድ፣ ከመድረቁ በፊት" ይልና ቁጥር አለ፣ "ከደረቀ በኋላ" ይልና ሌላ ቁጥር አለ። ሠላሳ ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። ሠላሳ አንደኛው ላይ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። "ከደረቀ በኋላ" የሚለው መስመር ባዶ ነው።

ከሌሎቹ ገጾች ቁጥሮች ተነሥታ፣ ዱቄቱ ከነእርጥበቱ ከተመዘነ ላንታነሙ ስንት እንደሚጎድል እዚያው የወረቀት ጠርዝ ላይ አሰላች። መልሱ አርባ ቦታ ከለካችው ጋር ገጠመ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ባለሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ሁለት ዓመት። ባሏ "ዘንድሮ እንኳ ዕረፍት እንውጣ" ሲላት "ነጥቦቹ ይረጉልኝና" ያለችበት ሁለት ዓመት። እናቷ ስልክ በደወለች ቁጥር "ልጄ፣ ድምፅሽ ለምን እንዲህ ሆነ?" የምትልበት ሁለት ዓመት። አንድ ባዶ መስመር ዋጥ አድርጎታል።

ሐሙስ ከሰዓት አባ ምድጃ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት ልጃቸው ናት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ ነጭ ጋውኗን ገና አላወለቀችም። አዛውንቱ ማዕድ ቤት ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፈትተው ጎማውን እየቀየሩ ነበር።

"ኧረ አንቺ ልጅ! ነጥቦችሽ እንዴት ሰነበቱ?" አሉ ቀና ብለው።

"ጋሼ፣ በነሱ ጉዳይ ነው የመጣሁት።" መንገዱን ሙሉ ያሰላሰለችው ለስላሳ አነጋገር ከአፏ ጠፋ። እንደመጣላት ተናገረችው፤ አምስቱን ሙከራ፣ አርባውን ልኬት፣ ባዶውን መስመር።

አባ ምድጃ መፍቻውን አስቀመጡት። "እኔ? እኔ ላንታነም ሳላደርቅ መዘንኩ?"

"ደብተሩ ላይ ባዶ ነው።"

"ደብተሩ ላይ ባዶ ከሆነ መጻፍ ረስቼ ይሆናል። ማድረቅ አልረሳም።"

"ቁጥሩ ግን ልክ..."

"ቁጥርሽን ያዢው! ስንቱ ተማሪ ሥራው አልሆን ሲለው ክሪስታሉ ነው ሲል ሰምቻለሁ። መጀመሪያ የራስሽን እጅ መርምሪ!"

ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። "የራሴን እጅ ነው ሁለት ዓመት የመረመርኩት! ኃላፊው እጅሽን እዪ፣ ገምጋሚዎቹ እጅሽን እዪ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ! እጄን ቆርጬ መጣል ብቻ ነው የቀረኝ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ የእርስዎን ደብተር ለመግለጥ አልደፈረም፣ እኔም ጭምር!"

"ኧረ እባካችሁ፣ ቀስ!" አለች ልጃቸው ከበሩ ላይ።

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ቧንቧው መለሱ። "በሩን ታውቂዋለሽ።"

ልጃቸው እስከ ደረጃው ሸኘቻት። "ያ የምትዪው ዘንግ መቼ የተሠራ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ባለነጥቧ ደብተሩ ላይ ያየችውን ቀን ነገረቻት። ልጅቱ የደረጃውን ብረት እንደያዘች ትንሽ ቆመች፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና "በደህና ግቢ" ብቻ ብላት ተመለሰች።

ፌርማታው ላይ ሁለት አውቶቡስ አሳልፋ የባሏን ጠብቃ ተሳፈረች፤ ከጀርባው ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከራሱ በላይ "ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

"ተቀመጡ?" አላት በመስታወቱ እያያት።

"ዛሬ ስለ ነጥብ ብታነሳብኝ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው።"

"ማነጋገር ክልክል ነው ይላል።"

"እኔ አላነጋገርኩህም። እያለቀስኩ ነው።"

መስታወት የሚወለውልበትን ጨርቅ፣ ንጹሑን መርጦ፣ ወደኋላ አቀበላት። ፊቷን ጠራረገችበት። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ በትልቅ ሰው ላይ መጮኋንም ሳትደብቅ።

"ጥፋቱ የሳቸው ነው?" አለ።

"ነው። ያ ነው እኮ ይበልጥ ያናደደኝ። ልክ ሆኜ እንኳ ደስ አላለኝም።"

"አሁን ምን እንዲደረግልሽ ነው የምትፈልጊው?"

"ሁለት ዓመቴን።"

"እሱን ማንም አይሰጥሽም ነጥቤ" አለና ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ያዘ። "በይ ውረጂ፣ መጨረሻ ነው። ይሄን መኪና አስረክቤ አብረን እንገባለን።"

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተቋሙ በር ስትደርስ አባ ምድጃ ከዘበኞቹ ጋር ቆመዋል። ክራባት አስረዋል። ሰላምታዋን በጭንቅላታቸው ብቻ ተቀብለው "ደብተሩን አሳዪኝ" አሏት።

ምድር ቤት ወርደው ገጹን ገለጠችላቸው። ጣታቸውን ባዶው መስመር ላይ አሳረፉ።

"ልጄ ስትነግረኝ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ" አሉ። "ባለቤቴ ሆስፒታል ነበረች። እዚያ ቆይቼ ነው በዚያው ወደ ሥራ የመጣሁት። ዱቄቱን አወጣሁ፣ አንዴ መዘንኩ፣ ወደ ማድረቂያው ልከተው ስል ስልክ ጮኸ። ልጄ ናት። አባዬ ና፣ አለችኝ። ጥዬ ሄድኩ። ሐኪሞቹ ትንሽ ተሽሏታል ሲሉኝ ከሰዓት ተመለስኩና... ያቆምኩበት የመሰለኝ ቦታ ላይ ቀጠልኩ።" ደብተሩን ዘጉት። "በሳምንቱ ነው ያረፈችው።"

ቀብሩ ላይ ባለነጥቧም ነበረች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ግን አዛውንቱ ከየት እየመጡ ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው አልነበረም።

"ለምን አልነገሩንም ጋሼ? ሌላ ሰው ይተካዎት ነበር እኮ።"

"ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሚስቴ እየሞተች ነው፣ ላንታነም አድርቁልኝ ልበል?" ኮታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉ። "በዚያ ቀን ጮኼብሻለሁ። አንቺም ጮኸሽብኛል። ይበቃናል። ያንን ላስቲክ ከምድጃው ላይ አንሺው።"

ባለነጥቧ ያን ቀን ነገሩ ያበቃ መስሏት ነበር። አላበቃም። ማድረቂያው ተሰብሮ ቆይቷል፤ የጥገና ባለሙያው ለመምጣት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዱቄቱ ደርቆ፣ ተመዝኖ፣ ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ የጣት ውፍረት ያለው ዘንግ ሆነ። ይህ ዘንግ ምድጃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል፤ በመስታወት የተሰበሰበ የመብራት ብርሃን ወገቡን ያቀልጠዋል፤ በዘንጉ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መሀል የቀለጠችው ጠብታ ሳትወድቅ ቀስ እያለች ስትጓዝ ከኋላዋ ክሪስታል ይቀራል። ጠብታዋ ከወደቀች ሁሉም ነገር ከእንደገና ነው። መጀመሪያ ቀን ወደቀች። ሁለተኛው ዘንግ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ላይ መብራቱ ተቃጠለ፤ ተቋሙ ውስጥ ትርፍ አምፖል አልነበረም።

"እጅሽን ከዚያ ላይ አንሺ!" ይሏታል መቆጣጠሪያውን ነካ ስታደርግ።

"ጠብታዋ እየቀጠነች ነው እኮ!"

"ትቅጠን! ስትቀጥን ዝም ብሎ ማየት ነው ሥራው። አንቺ ማየት አትችዪም እንዴ? ለማየት አይደል የሚከፍሉሽ?"

በዚህ መሀል ኃላፊው የመምህሩን መምጣት ሰምቶ ወረደ። "ጋሼ! ምነው፣ ጡረታው ሰለቸዎት?"

"ሠላሳ አንደኛውን ዘንግ ልደግመው ነው።"

"ምን ሆኖ?"

"ተበላሽቶ።"

ኃላፊው ባለነጥቧን ገላመጣት። "ማን አበላሸው?"

"እኔ" አሉ አባ ምድጃ ዓይናቸውን ከምድጃው መስኮት ሳይነቅሉ። ኃላፊው ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ፤ ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ ግን አንገቱን ነቅንቆ ወጣ።

አራተኛው ዘንግ ተሳካ። አባ ምድጃ ጥቁሩን ክሪስታል በመዳፋቸው ይዘው ወደ መብራት አዙረው አዩት፤ "ሂጂና አቅጥኚው" ብለው ሰጧትና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቁራጭ አውጥታ ለማሳሳት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ቁራጯ መሀሏ ላይ ቀዳዳ እስኪበጅ በአዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ባዘሉ አቶሞች፣ ጨረር ትቦረቦራለች፤ ያ የቀዳዳው ጠርዝ ነው ኤሌክትሮን የሚያሳልፈው። ልክ ስትጨርስ ቁራጯ ከመቆንጠጫው አመለጠችና ወለል ላይ ወደቀች። ባለነጥቧና የጽዳት ሠራተኛዋ ግማሽ ቀን በጉልበታቸው እየዳኹ ፈለጓት።

"ምን ታክላለች?" አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

"የምስር ፍሬ እንኳ አታክልም። መሀሏ ላይ ቀዳዳ አላት።"

"ኧረ ጉድ! ስትሠሪ ውለሽ ስትሠሪ ከርመሽ፣ ቀዳዳ ነው የምትፈልጊው?"

አላገኟትም። ሌላ ሦስት ሳምንት።

ሁለተኛዋን ቁራጭ ያስገባች ቀን አባ ምድጃን አልጠራቻቸውም። ኃላፊውንም አልነገረችውም። በሰው ፊት አንዴ ደግሞ ለመዋረድ አቅም አልነበራትም። ናይትሮጅኑን ሞላች። ስልሳ ላይ ደብዛዛዎቹ ነጥቦች መጡ። ዘጠና ላይ ጎሉ። መቶ፤ አሉ። መቶ ሠላሳ፤ አሉ። መቶ ሰባ፤ አሉ፣ እንዲያውም ይበልጥ ጠርተዋል። መያዣው በናይትሮጅን ከዚያ በታች አይወርድም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ እስኪጠፉ ጠበቀች። አልጠፉም።

እልል የምትልበት ቀን መስሎ ይታያት ነበር ድሮ። አሁን የተሰማት ረጅም ወረፋ ጠብቆ መስኮቱ ጋ የደረሰ ሰው የሚሰማው ዓይነት ድካም ነው። ኤሌክትሮኖቹ ተቀምጠዋል፤ እግራቸውንም በየረድፉ አዙረው ዘርግተዋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መቀመጥ ያቃታቸው ልኩ ጎድሎባቸው ነው። ወደ አቶሞቹ ቀርባ ያንን አሰዳደር በቀጥታ ፎቶ ልታነሳው ስትል ግን ሊፍቱ ተነሣና ምስሉን ውኃ አደረገው። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ያለ የሌለ ድምፅዋን አውጥታ ጮኸች። ሊፍቱ ውስጥ ወረቀት የጫነ ሠራተኛ ነበር፤ "ይቅርታ፣ ማንበብ ረስቼ ነው" አላት። መንቀጥቀጡ ስሱን ጠርዝ ስለሰነጠቀው በዚያች ቁራጭ የአቶም ፎቶ አልተገኘም። ነጥቦቹ ብቻ ተገኙ።

ጽሑፉን እንደገና ለመጻፍ ስትቀመጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሁለቱም ክሪስታሎች መግባት አለባቸው፤ ነጥቦቹ የሚጠፉበትና የማይጠፉበት፤ አለዚያ ምን እንደተማረች አይገባም። ረቂቋ ላይ "የመጀመሪያው ክሪስታል ቅንብር ከታሰበው ልክ በጥቂቱ የተዛባ ነበር" ብላ ጻፈች፤ የማንንም ስም ሳታነሳ፣ ምክንያቱንም ሳትናገር። ኃላፊው አንብቦ "እሱ ይበቃል" አለ። እንዲያውም አንድ ጥያቄ ጨመረላት፤ "ግን ቅንብሩን ከሁለት ዓመት በፊት ለምን አላጣራሽም?"

አባ ምድጃ ግን ረቂቁን ይዘው መጡ፤ ያቺን መስመር በቀይ አስምረውባታል።

"ምንድን ነው ይሄ? በጥቂቱ የተዛባ? ማን አዛባው? ነፋስ?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

"የኔን ስም ከላይ ከጸሐፊዎቹ ጋር ጽፈሻል፤ ጥሩ። ከታች ደግሞ ጥፋቴን ሸሽገሻል። ሌላ ቦታ ያለ ሰው ላንታነም ሳያደርቅ መዝኖ፣ እንዳንቺ ሁለት ዓመት እጁን ሲመረምር ይኑር? ጻፊው!"

ጻፈችው፦ "ለመጀመሪያው ክሪስታል የዋለው ላንታነም ኦክሳይድ ከመመዘኑ በፊት አልደረቀም ነበር።"

አዛውንቱ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። "አልደረቀም ነበር? እምቢ ብሎ ነው? 'አላደረቅሁትም' በይ እንጂ!"

"በጥናት ጽሑፍ ላይ 'እኔ' አይባልም ጋሼ።"

"ስህተት ላይ ብቻ ነው የማይባለው። ግኝት ላይ ሲሆን 'አረጋገጥን'፣ 'አሳየን' ስትሉ አያለሁ።"

ነገሩ ኃላፊው ዘንድ ሄደ። ኃላፊው የመምህሩ ስም በጥፋት እንዲነሳ አልፈልግም ብሎ ድርቅ አለ፤ መምህሩ ደግሞ ካልተነሳ ስሜን ከላይ ፋቁት ብለው ድርቅ አሉ። እሷ መሀል ቆማ፣ ሁለት ዓመት ከክሪስታል ጋር ስትታገል የከረመችው ሳያንስ አሁን ከሁለት ግትር ሰዎች ጋር ስትታገል አንድ ወር አለፈ። በዚያች ወር ውስጥ ከሌላ አገር ካሉት ቡድኖች አንደኛው የነዚያኑ ነጥቦች የአቶም ፎቶ አሳተመ፤ እሷ በሊፍት ያጣችውን። ባሏ ፎቶውን ከሷ ስልክ ላይ አይቶ "ያንቺዎቹ ያምራሉ" አላት። የሷዎቹ የአቶም ፎቶ እንደሌላት ያውቃል።

በመጨረሻ አንድ ሰኞ ማንንም ሳታማክር ቁጭ አለችና እንዲህ ብላ ጽፋ ጽሑፉን ለመጽሔቱ ላከችው፦ "የመጀመሪያውን ክሪስታል ስናዘጋጅ ላንታነም ኦክሳይዱን ከመመዘናችን በፊት አላደረቅነውም፤ ይህንንም ሁለት ዓመት ሙሉ አላጣራንም።"

ኃላፊው ታትሞ ሲያየው ሦስት ሳምንት አኮረፋት፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ሰላምታ የሚሰጠው ለግድግዳው ነበር። አባ ምድጃ ደግሞ ስልክ ደውለው "አላደረቅነውም? አንቺ የት አለሽበት?" ብለው ተቆጧት።

"'አላጣራንም' የሚለው ላይ አለሁበት" አለቻቸው።

"እሺ" አሉ፤ "ቀጣዩን ዘንግ መቼ ነው የምንጀምረው? ማድረቂያውን አስቀድመሽ አስፈትሺው። ያ የጥገና ሰው ዘጠኝ ቀን ነው የሚፈጅበት።"